ወደ ቡሌ ታጠፍ

ደመላሽና ይመኙሻል ከተኳረፉ ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆኗቸዋል። ቀኑን የሚቆጥረው ደመላሽ ነው። ይመኙሻል አልቆጠረችም፤ የተበደለው ሰው ምን ያስቆጥረዋል?

ኩርፊያው ሥርዓት ነበረው። ምሳ ይቀርባል፣ ሸሚዝ ይታጠባል፣ አልጋ ይነጠፋል። የሌለው ቃል ብቻ ነው። የግድ መነገር ያለበት ነገር ካለ በልጃቸው በፍሬ በኩል ያልፋል። ፍሬ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ በዚህ ሁለት ወር ግን ከትምህርቷ ይልቅ የገፋችው በአስተርጓሚነት ነው።

«ፍሬ፣ ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ ለአባትሽ ንገሪው» ትላለች ይመኙሻል፣ ደመላሽ ከፊቷ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጦ እያለ።

«አባዬ፣ ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ።»

«ጨው አንሶታል በያት።»

«እማዬ፣ ጨው...»

«ሰምቻለሁ። ጨው ጠረጴዛው ላይ አለ በይው።»

የዚህ ሁሉ መነሻ የወርቃው ሠርግ ነው። ይመኙሻል ዘነበ የሚባል ታናሽ ወንድም አላት፤ ወርቃ በምትባል የገጠር ከተማ መምህር ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። ባለፈው ጥር ሲያገባ፣ ሙሽራይቱን ለማምጣት ከቤት ከመውጣቱ በፊት በእናቱ ፈንታ የእሷን ጉልበት ስሞ፣ እሷም መርቃ ልትሸኘው ነበር ቀጠሮው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ይመኙሻል ለዚያች ደቂቃ አዲስ የሀበሻ ቀሚስ አሠፍታለች። ምርቃቱን ሳይቀር ወጥ ቤት ቆማ ለብቻዋ ስትለማመደው ፍሬ በጆሮዋ ሰምታለች።

ደመላሽ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነው። ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ ያለውን አስፋልት ጉድጓዱን በቁጥር ያውቀዋል፤ የማያውቀውንም መንገድ አውቀዋለሁ ይላል። ያን ቀን ፍሬን ይዘው ከዲላ ተነስተው ጨለለቅቱን አልፈው፣ ከአስፋልቱ ወጥተው የወርቃን ጥርጊያ መንገድ ጥቂት እንደሄዱበት መንገዱ ለሁለት ተከፈለ።

«በግራ!» አለች ይመኙሻል።

ደመላሽ በቀኝ ታጠፈ።

«በግራ እኮ ነው ያልኩህ!»

«በግራ ነዋ የታጠፍኩት።»

«ተመለስ!»

«ተይ እስቲ ይመኙ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ አወቀው። በመጨረሻ መንገዱ አንድ የቡና ማጠቢያ ግቢ ውስጥ ገብቶ አለቀ፤ መኪናውም እዚያው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ነብዩ የሚባል ጎልማሳ፣ የማጠቢያው ባለቤት፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ገፍቶ እስኪያወጣቸው ቀኑ ተጋመሰ። ወርቃ ሲደርሱ ድንኳኑ ባዶ ነበር። ዘነበ ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ ደጁን እያየ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ሚዜዎቹ ሲጨቀጭቁት ጊዜ የአከራዩን የወይዘሮ አትጠገብን ጉልበት ስሞ ሄዷል።

ይመኙሻል አላለቀሰችም፤ ደመላሽን ያስፈራውም እሱ ነው። ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቀሚሷን ከጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ገብርኤልን!» አለች። «ሁለተኛ ለዚህ ሰው ግባ፣ ውጣ፣ ታጠፍ ብዬ መንገድ ባሳይ ምላሴ ይያዝ!»

ያኔ «አጠፋሁ» ቢላት ነገሩ እዚያው መኪናው ውስጥ ባለቀ ነበር። የኛ ሰው ግን ምን አለ? «መንገዱ ተቀይሯል» አለ። ይመኙሻልም የመንገዱን ነገር በመሐላ ስትዘጋ ሌላውንም ወሬ አብራ ዘጋችው።

አሁን አንድ ምስጢር መነገር አለበት። ደመላሽ ግራና ቀኝ ይምታታበታል። እጁና እግሩ ያውቃሉ፤ ለብቻው ሲነዳ እንደሱ ያለ ሾፌር የለም። ሰው «ግራ» ሲለው ነው ጉዱ። ቃሉን ሲሰማ ቆም ብሎ ያስባል፣ ባሰበ ቁጥር ደግሞ ይሳሳታል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ለሰው ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ግራና ቀኙን የማይለይ ሾፌር ከሚባል መኪናውን ሸጦ ቤት ቢውል ይመርጣል።

በመጋቢት መጀመሪያ ስልክ ተደወለለት።

«ጋሽ ደሜ፣ ነብዩ ነኝ። ከጭቃ ያወጣንህ።»

«እንዴት እረሳሃለሁ!» አለ ደመላሽ። ሊረሳው ግን ብዙ ሞክሮ ነበር።

«ናይሮቢ የቡና ኤግዚቢሽን አለ። የማጠቢያዬን ናሙና ይዤ በአንተ መኪና ልሄድ አስቤያለሁ። የድንበሩን ወረቀት እኔ እጨርሳለሁ። መንገዱን ታውቀዋለህ አይደል?»

«እስከ ሞያሌ ዓይኔን ጨፍኜ።»

«ከሞያሌ በኋላስ?»

«ከሞያሌ በኋላ ዓይኔን እገልጣለሁ።»

ነብዩ ሳቀና ተስማማ። ፍሬ ግን አልሳቀችም፤ የአባቷን ዓይን መግለጥ ወርቃ ላይ አይታዋለች። እጇን ዘረጋች።

«አባዬ፣ ስልክህን አምጣ። ጂፒኤስ ልጫንልህ።»

«ነብዩ አለ አይደል? እሱ ይጠይቅልኛል።»

«ያን ቀን እኮ ከጭቃው ካወጣን በኋላ ወርቃ ድረስ ከኛ ጋር ነው የሄደው። መኪናው እንደተነሳ ተኛ። አፉን ከፍቶ!»

ደመላሽ ስልኩን ሰጣት። እሷም ገና ሳትጀምር ቆመች።

«ሞልቷል። የኬንያ ካርታ አይገባም።»

«በምን ሞላ?»

«እኔ ልጠይቅህ እንጂ! ‹ሞተር ሲያቃስት አንድ›፣ ‹ሞተር ሲያቃስት ሁለት›፣ ‹ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲጮህ›፣ ‹የማላውቀው ድምፅ ከኋላ›... ስልሳ ሦስት ቅጂ ነው ያለህ!»

እውነት ነው። ደመላሽ መኪናው ባጉረመረመች ቁጥር ድምፁን ቀድቶ ለመካኒኩ ለአለባቸው ይልካል። አለባቸውም ሰምቶ ዲላ ገበያ መሀል ቁጭ እንዳለ በሽታውን ይነግረዋል። ስለዚህ ኬንያ እንድትገባ የሞተር ልቅሶ መውጣት ነበረበት። አባትና ልጅ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቁጭ ብለው እየሰሙ አጠፉ። አምስቱን ግን ደመላሽ አላስነካም። ከዚያ ፍሬ አፑን ጫነች፣ ኢንተርኔት ባይኖርም እንዲሠራ የኬንያን ካርታ በሙሉ አወረደች፣ እግረ መንገዷንም የኢትዮጵያን።

«በል እንሞክረው። ከቤት እስከ መናኸሪያ።»

ዲላ ውስጥ ደመላሽን ከቤቱ እስከ መናኸሪያ መምራት ማለት ለቄስ አባታችን ሆይን ማስተማር ነው። ቢሆንም ሞከሩት። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ተናገረች። «ተርን ሌፍት» ስትል ደመላሽ በቀኝ ታጠፈ። «ተርን ራይት» ስትል በግራ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ገበያው መሀል ገብተው ከፊትም ከኋላም በባጃጅ ተከበቡ፤ ባጃጆቹም በየቋንቋቸው ሰደቧቸው።

«እንግሊዝኛው ነው» አለ ደመላሽ ላቡን እየጠረገ።

«እሺ፣ እኔ በአማርኛ ልንገርህ። በግራ ውጣ።»

በቀኝ ወጣ።

ፍሬ አባቷን አየችው። ከጆሮው ጀምሮ ቀልቷል።

«መሪው ነው» አለ። «ወደ አንድ በኩል ይስባል።»

በማግስቱና በሳልስቱ ፍሬ ከእናቷ ጋር ጓዳ ገብታ በር ዘጋች፤ የደመላሽም ስልክ አብሮ ገባ። እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ቢያሾልም ቃል አይለይለትም። ሳቅ ብቻ ይሰማዋል። የይመኙሻል ሳቅ! ሁለት ወር ሙሉ ያልሰማውን ሳቅ በር ተዘግቶበት ሲሰማው ክፉኛ ቀና። የማን ነገር እንዲህ እንዳሳቃት ለማወቅ ግማሽ ዕድሜውን ይሰጥ ነበር።

ፍሬ ስልኩን ስትመልስለት እንዲህ አለችው፤ «አፑ በፈለግከው ሰው ድምፅ ቀድተህ እንድታስገባ ይፈቅዳል። አማርኛ አስገብቼልሃለሁ። ሞያሌን ስትሻገር ክፈተው። ከዚያ በፊት እንዳትነካው!»

የጉዞው ዕለት ይመኙሻል ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ለፍሬ ሰጠች። ፍሬ ለደመላሽ ሰጠች።

«በሰላም ይግባ በይው።»

«አባዬ፣ በሰላም ግባ።»

«አሜን በያት» አለ ደመላሽ። ሌላም ነገር ሊል አሰበ፣ ግን ለሦስተኛ ሰው የሚሰጥ ነገር አልነበረምና ዋጠው።

ነብዩ ወናጎ ላይ አንቀላፋ፣ ያቤሎ ላይ ነቅቶ ሽንቱን ሸና፣ ከዚያ እስከ ሞያሌ ደግሞ ተኛ። ድንበሩን ተሻግረው፣ ማህተሙ ሁሉ ተመትቶ፣ የኬንያ ፖሊስ «በዚያኛው ጠርዝ!» ብሎ በእጁ ካመለከታቸው በኋላ ደመላሽ መኪናውን ጥግ አስይዞ ስልኩን ከፈተ። የናይሮቢውን ሆቴል ስም ነብዩ ጻፈለትና ተመልሶ ተንጋለለ። ደመላሽ «ጀምር» የሚለውን ነካ።

መጀመሪያ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ፤

«በል ተነስ። ቡሌን ይዘህ ቀጥ ብለህ ሂድ።»

ደመላሽ ገና ያልተነሳውን መኪና ፍሬን ረገጠ።

«ምነው?» አለ ነብዩ ተፈናጥሮ።

«ሚስቴ!»

«የት?» ነብዩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከሞያሌ ሰው መሀል ይፈልጋት ጀመር።

ደመላሽ ፍሬ ጋ ደወለ።

«ምንድነው ያደረግሽው አንቺ ልጅ? መሐላዋስ?»

«ለአንተ አይደለም እኮ የተናገረችው። ለስልኩ ነው። የማለችው አንተን መንገድ ላታሳይህ ነው፤ ስለ ስልክ ያለችው ነገር የለም።»

«ቡሌ ምን አመጣው? ኬንያ ነኝ እኮ!»

«እሱ የሷ ሐሳብ ነው። በራችን ላይ መኪናህ ውስጥ እንደተቀመጥክ አስብ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ሞያሌ። ቡሌ በየትኛው እጅህ በኩል ነው?»

የደመላሽ ግራ እጅ ሳያዘው ተነሳ። በየማለዳው ከዚያ መኪና ውስጥ ሆኖ የቡሌን ተራራ በዚያ በኩል ነው የሚያየው።

«አባያ ሐይቅስ?»

ቀኝ እጁ ተነሳ።

«አለቀ። ከዚህ ሌላ የለም፤ ወይ ወደ ቡሌ ነው፣ ወይ ወደ አባያ።»

ደመላሽ ሁለት እጁን እንዳነሳ ቀረ። ነብዩ ፖሊስ የመጣ መስሎት የራሱንም አነሳ።

«ማን ነገራት?» አለ ደመላሽ ቀስ ብሎ።

«ማንም። ከተጋባችሁ ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ ነው የምትለው። ያን ቀን ቸኩላ በግራ ማለት እንዳልነበረባትም ነግራኛለች። ወደ ቡሌ ብለው ኖሮ ይታጠፍ ነበር ብላለች።»

ስልኩን ዘጋ። ሃያ አራት ዓመት አውቃለች። በሠርጉ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንጀቷ እርር ብሎ እያለ «ግራና ቀኙን የማይለይ ሾፌር» የምትል አንዲት ቃል ብታወጣ ልኩን ታገባው ነበር። አላወጣችም። ደመላሽ አፈረ። ያፈረውን ያህል ደግሞ ወደዳት፣ ዓይኑም እርጥብ አለ፤ ነብዩ ሲያየው የሞያሌ አቧራ ነው አለው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የይመኙሻል ነበር። ኬንያ ውስጥ በግራ ጠርዝ ነው የሚነዳው፤ ይኼ ለሌላው ሐበሻ ሾፌር መከራ ነው። ለደመላሽ ግን «ቡሌን ይዘህ ሂድ» ከተባለ ምን ችግር አለው? ቡሌን ይዞ ሄደ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ «እሺ» ይላል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለይመኙሻል «አውቃለሁ» ሲል የኖረ አፍ «እሺ»ን እንዲህ ሲለምዳት ራሱንም ገረመው።

ማርሳቢት አካባቢ ግን ችግር መጣ። መንገዱ በረሃውን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መታጠፊያ የለም። መታጠፊያ ከሌለ ይመኙሻል አትናገርም። ደመላሽ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ታገሠ። ስድሳ ታገሠ። ከዚያ አንዲት ነዳጅ ማደያ ሲያይ፣ ነዳጅ ሳያንሰው፣ ከመንገዱ ዞር አለ።

«አሁንም አልሰማህም አይደል?» አለ ስልኩ። «ግዴለም፣ ሌላ መንገድ አይጠፋም።»

ቁጣ አልነበረበትም። ድሮ፣ ኩርፊያ ሳይመጣ በፊት፣ ቅር ሲላትም ሲደላትም የምትናገርበት ድምፅ ነው። ደመላሽ ወደ መንገዱ ተመለሰ፣ ትንሽ ነድቶ እንደገና ዞር አለ።

«አሁንም አልሰማህም አይደል? ግዴለም፣ ሌላ መንገድ አይጠፋም።»

በአራተኛው ላይ ነብዩ ነቃ።

«ጋሽ ደሜ፣ ይችን ዛፍ ከዚህ በፊት አላየናትም?»

«ኬንያ ውስጥ ዛፉ ሁሉ ይመሳሰላል» አለ ደመላሽ።

ናይሮቢ ሲገቡ ይመኙሻል በተራዋ ዕረፍት አጣች። አደባባይ በአደባባይ ላይ፣ ድልድይ በድልድይ ላይ። «ወደ ቡሌ! አሁን ወደ አባያ። አደባባዩን ዞረህ ውጣ፣ ሰው እንዳትገጭ!» ደመላሽ በላብ ተጠምቆ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ይላል። ነብዩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፉ ጠፍቶ መቀመጫውን በሁለት እጁ ጨብጧል። አንድም ጊዜ ሳይሳሳት ሆቴሉ በር ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሲነዳ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

አሁን «ደርሰሃል» የምትል ቃል ጠበቀ። ስልኩ ተነፈሰ። የቤታቸው አውራ ዶሮ ከሩቅ ጮኸ፣ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። ከዚያ ጸጥ።

ደመላሽ ስልኩን ወዘወዘው። ምንም። ደወለ፤ ፍሬ አንስታ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ደርሻለሁ። ስልኩ ግን መጨረሻው ላይ ደርሰሃል አላለኝም። ተበላሽቶ ነው?»

ፍሬ ሳትመልስ ከበስተኋላዋ ሌላ ድምፅ መጣ። አነጋገሩ ለፍሬ ነው፣ ጉልበቱ ግን ናይሮቢ ድረስ ነው።

«ፍሬ፣ ለአባትሽ ንገሪው። አልተበላሸም። ደርሰሃል የሚለውን ቅጂ ስትይኝ አፌን ዘግቼ ነው የቀዳሁት። ሰው አገር ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ደርሰሃል ይባላል እንዴ? ደርሰሃል የሚባለው ቤቱ ሲገባ ነው!»

«አባዬ፣ እማዬ ምን አለች መሰለህ...»

«ሰምቻለሁ» አለ ደመላሽ። ሁለት ወር ሙሉ ጉሮሮው ላይ የተቀመጠች «አጠፋሁ» እስከ ምላሱ ጫፍ መጣች። ግን ነብዩ አጠገቡ ነበር፣ የሆቴሉ ዘበኛም በመስኮት እያየው። «መብራት አለ?» አለ።

«አለ በይው» አለች ይመኙሻል።

ኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ቆየ። ነብዩ ናሙናውን እያስቀመሰ ሲስቅ ዋለ፣ ደመላሽ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲያስብ ዋለ። ሁለቱም የፈለጉትን አግኝተው ተመለሱ። ነብዩ ያገኘው ቡናውን የሚወስድ ደንበኛ ነው። ደመላሽ ያገኘው አንድ ሐሳብ ነው፤ ነብዩን ወርቃ ቤቱ ማድረስ ስላለበት ሐሳቡ ከመንገዱ ጋር ገጠመ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሐገረ ማርያም ተነስተው ወደ ጨለለቅቱ ሲቀርቡ ደመላሽ ስልኩ ላይ «ወርቃ» ብሎ አስገባ።

«እኔ እኮ የዚያ አገር ልጅ ነኝ!» አለ ነብዩ። «ለኔ መንገድ በስልክ?»

«አንተ ተኛ» አለ ደመላሽ።

ከአስፋልቱ የሚወጡበት ቦታ ሲደርሱ ስልኩ፣ «ወደ አባያ ታጠፍ» አለ።

ነብዩ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ጋሽ ደሜ፣ አሁን እኮ አገራችን ገብተናል! አባያ በዚያ በኩል ነው፣ ወርቃ በዚህ!»

እውነቱን ነው። ሲሄዱ ፊታቸው ወደ ሞያሌ ነበር፤ ሲመለሱ ዞሯል። እውነተኛው አባያ በግራ ቀርቷል። የይመኙሻል አባያ ግን ያው ደመላሽ በሩ ላይ ሲቀመጥ የሚያውቀው ቀኝ እጁ ነው። ደመላሽ ምድሩን አየ፣ ስልኩን አየ። የዛሬ ሁለት ወር ቢሆን ምድሩን አውቀዋለሁ ይል ነበር።

«እሷ አባያ ካለች አባያ ነው» ብሎ በቀኝ ታጠፈ። መንገዱ ልክ ነበር።

ቀጥሎ ያ መንታ መንገድ መጣ። በሁለቱም በኩል እንሰትና ቡና፣ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ። ደመላሽ ሳይታዘዝ ፍጥነቱን ቀነሰ። ትንፋሿ መጣ።

«ወደ ቡሌ ታጠፍ።»

ጓዳ ተቀምጣ የቀዳችው መሆኑን ያውቃል። እሱ ግን ያን የጥር ቀን፣ ከጎኑ በአዲስ ቀሚስ ተቀምጣ የተናገረችው ሆኖ ነው የተሰማው።

«እሺ ይመኙ» አለና በግራ ታጠፈ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ወርቃ ገቡ። አሥር ደቂቃ! የዘነበን ሁለት ሰዓት፣ የይመኙሻልን ጉልበት፣ የሁለት ወሩን ኩርፊያ ሁሉ ያመጣችው የአሥር ደቂቃ መንገድ ናት። ደመላሽ መሪውን በጡጫ መታው።

ነብዩን ከነሻንጣው አወረደና የዘነበ ግቢ በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። ዘነበ የተማሪ ደብተር ሲያርም እስክሪብቶውን እንደያዘ ወጣ።

«ጋሼ! ሰላም ነው? እህቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። የሠርግህን ሱፍ ልበስ። ባለቤትህም ቬሎ ባትለብስ እንኳ ደህና ልብስ ትልበስ።»

«የማን ሠርግ ነው?»

«የአንተ ነዋ! አላለቀም እኮ።»

ዘነበ ጥቂት አሰበና ገባው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ጠረገና ሊለብስ ገባ። ወይዘሮ አትጠገብ በበራቸው ብቅ ብለው «እኔም እኮ አደራ ነው ብዬ ነው የተሳምኩት፤ ይዘኸው ሂድ!» አሉ።

ስልኩ እየመራቸው ዲላ ሲደርሱ ደመላሽ እንደ ልማዱ ከበሩ ፊት ለፊት መኪናውን አዞረና አፍንጫዋን ወደ ሞያሌ አድርጎ አቆማት። አሁን የስልኩ ቡሌና የምድሩ ቡሌ በአንድ በኩል ሆኑ። ስልኩ ተነፈሰ፣ ዶሮው ጮኸ፣ ጸጥ አለ።

ይመኙሻል ከፍሬ ጋር በሩ ላይ ቆማ ነበር። ደመላሽን አላየችውም፤ ያየችው በኋላ በር የወረደውን ነው። ዘነበ በጥቁር ሱፉ፣ ጫማው የወርቃ አቧራ ለብሶ፣ መንገዱ ላይ ተንበረከከና ጉልበቷን ሳመ። አንዱን፣ ደግሞ ሌላኛውን። ሙሽራይቱም ተከትላ ዝቅ አለች። ይመኙሻል ያን ሁሉ የተለማመደችውን ምርቃት ብትፈልገው የለም፤ ጠፍቷል። «እደጉልኝ» ብቻ አለች፣ «እደጉልኝ፣ እደጉልኝ» እያለች ራሳቸውን ስትዳብስ እንባዋ በሱፉ ላይ ወረደ።

ደመላሽ ለመውረድ ፈርቶ መሪውን እንደጨበጠ ነበር። እሷ እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ገጠሙ።

«ይመኙ» አለ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ። «አጠፋሁ። መንገዱ አልተቀየረም ነበር።»

ይመኙሻል ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ መጣች። ስልኩን አየችው፣ እሱን አየችው።

«ደርሰሃል» አለች።

ከደመላሽ ኋላ አንድ ባጃጅ መንገድ ተዘግቶበት ጥሩምባውን ለቀቀው፣ ሌላም ተጨመረ።

«በል ወደ ቡሌ አስጠግተህ አቁም!» አለች ይመኙሻል እጇን እያወዛወዘች። «ለሰው መንገድ ልቀቅ!»

«እማዬ! መሐላሽ!» አለች ፍሬ።

«ምን አገባሽ? ለመኪናዋ ነው የተናገርኩት።»

«እሺ» አለ ደመላሽ፤ መሪውንም ወደ ቡሌ አዞረ።